ወጥ ቤት ጋዜጠኛ ይፈልጋል



ጋባዦቼ የሰጡኝ ርእስ «ቴሌቪዥንና ምግብ» የሚል ነበር። እኔ ትንሽ ጠበብ አድርጌዋለሁ። ዛሬ ደጋግሜ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው፤ ወጥ ቤት ጋዜጠኛ ይፈልጋል። መንገድ ሲቆፈር፣ ሹመት ሲሰጥ፣ ዋጋ ሲንር ማን፣ የት፣ መቼ፣ እንዴት፣ ለምን ብለን እንጠይቃለን። ገበታችን ላይ ስለሚቀርበው ምግብ ግን «እጅ ይባርክ» ወይም «ጨው በዛበት» ብለን እናልፋለን። ጎመኑ በማን ማሳ በቀለ? በርበሬው የየት አገር ነው? ምድጃ ሥር ግማሽ ቀን የቆመችው ሴት ምን ምን ታውቃለች? ይህን ጠይቆ፣ አጣርቶ፣ መዝግቦ የሚያቀርብልን ሰው ጥቂት ነው።

በቅድሚያ ቴሌቪዥናችን ምግብን እንዴት እንዳሳየን እናገራለሁ። ቀጥዬ ካሜራንና ድስትን ስላጣመሩ ሰዎች አነሳለሁ። ከዚያ ወደ ራሱ ወደ ድስቱ እንገባለን፤ እዚያ ትንሽ ብቆይ አትሰልቹ። በመጨረሻም ወደዚሁ ወደ አቃቂ ወንዝ እንወርዳለን።

እንግዲህ ከመጀመሪያው ልነሳ። በአገራችን ስለ ምግብ መጻፍ ከቴሌቪዥን በፊት የነበረ ነገር ነው። ጸሐፌ ትእዛዝ ገብረ ሥላሴ ወልደ አረጋይ በጻፉት የዳግማዊ ምኒልክ ታሪክ ውስጥ፣ እቴጌ ጣይቱ በ1880 ዓ.ም. ለእንጦጦ ማርያም ቤተ ክርስቲያን ምረቃ ያሰናዱት ታላቅ ግብር ተመዝግቦ ይገኛል። አሜሪካዊው የታሪክ ተመራማሪ ጄምስ ማካን ስለ አፍሪካ ምግብ በጻፈው መጽሐፍ ይህን ግብር የኢትዮጵያ የሚባለው ገበታ ቅርጽ የያዘበት አጋጣሚ አድርጎ ያነሳዋል። ጦርነትና ሹመት የሚመዘግቡት የቤተ መንግሥት ጸሐፊ ግብሩንም የታሪክ ጉዳይ ነው ብለው ጻፉት። ለእኔ የምግብ ዘገባ አባት እሳቸው ናቸው።

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጥቅምት 23 ቀን 1957 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ማዘጋጃ ቤት ሕንፃ ውስጥ ሥራ ሲጀምር ምስሉ ጥቁርና ነጭ ነበር። ሃያ ዓመት ያህልም እንዲሁ ቆየ። የእኛ ምግብ ደግሞ ግማሽ ወሬውን የሚያወራው በቀለሙ ነው። የቀይ ወጡ ድምቀት፣ የአልጫው ብጫነት፣ የጎመኑ ልምላሜ፣ በጾም ቀን በያይነቱ ተደርድሮ ሲቀርብ ዓይን የሚያጠግበው ያ ሁሉ ነገር በዚያ መስኮት ግራጫ ሆኖ ይታይ ነበር።

በዚህ አገር የቴሌቪዥን ታሪክ ስለ ምግብ ከቀረቡት ዝግጅቶች ሁሉ ከባዱ የቀረበውም በዚያው በጥቁርና ነጭ ዘመን ነው። በዕድሜ የገፋችሁ ታስታውሱታላችሁ። መስከረም 1 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የዘመን መለወጫ ምሽት ነበር። እንግሊዛዊው ጋዜጠኛ ጆናታን ዲምብልቢ ወሎ ድረስ ሄዶ ያነሳው የረሃብ ፊልም፣ ከቤተ መንግሥት ድግስ ምስሎች ጋር እየተሰናሰለ ለሕዝብ ታየ። አንድ ጊዜ የራበው ሕፃን፣ አንድ ጊዜ የሞላ ማዕድ። በማግስቱ ንጉሠ ነገሥቱ ከዙፋናቸው ወረዱ። ደርግ ፊልሙን ለራሱ ዓላማ ቆራርጦ እንደተጠቀመበት ግልጽ ነው። ቢሆንም በዚያ ምሽት መስኮቱ የጠየቀው ጥያቄ፣ ማን በላ? ማን ጦሙን አደረ? የሚለው ጥያቄ፣ የጋዜጠኛ ጥያቄ ነው።

አሥር ዓመት አለፈና 1977 ዓ.ም. ገባ። ቴሌቪዥናችን ባለ ቀለም የሆነው የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታና የአብዮቱ አሥረኛ ዓመት በሚከበርበት በዚያ ሰሞን ነው። ብዙ ሳይቆይ፣ ጥቅምት 13 ቀን፣ ኬንያዊው የካሜራ ባለሙያ ሞሐመድ አሚንና የቢቢሲው ማይክል በርክ ከኮረም ያቀረቡት ዘገባ በለንደን ተላለፈ። ከዚያም ዓለምን ዞረ። ያ ዘገባ እርዳታ አስገኝቷል፣ ሕይወት አትርፏል፤ በእሱ ላይ የምለው ክፉ ነገር የለኝም። ሆኖም ከዚያ ወዲህ ብዙ ሰው ኢትዮጵያን በምግብ እጦት ብቻ አወቃት። ውጭ አገር የኖራችሁ «ለመሆኑ እናንተ አገር ምግብ አለ?» ተብላችሁ ተጠይቃችሁ ይሆናል። ረሃባችንን ለማሳየት አውሮፕላን ተሳፍሮ የመጣ ካሜራ ነበረ። ገበታችንን ለማሳየት የሚመጣ ካሜራ ግን ብዙ ዓመት ጠፋ። ይህን ክፍተት መሙላት ያለብን እኛው ነን።

አሁን ወደ ሁለተኛው ነጥብ ልሻገር፤ ካሜራንና ድስትን ወዳጣመሩት ሰዎች።

እኛ በረሃብና በአብዮት በዓል መካከል በነበርንበት በዚያው እ.ኤ.አ. 1984 በስፔን ቴሌቪዥን አንዲት አዘጋጅ ወጥ ቤት ገባች። ኤሌና ሳንቶንሃ ትባላለች። በሙያዋ ሠዓሊም ተዋናይም ነበረች፤ ሼፍ ግን አልነበረችም። የምግብ ፍቅር ያላት፣ ጥያቄ መጠየቅ የምትችል ሴት ነበረች። የዝግጅቷ ስም «እጅ በሊጡ ውስጥ» እንደማለት ነው፤ እስከ 1991 ቆየ። አሠራሩ ቀላል ነበር። ዘፋኝ፣ ደራሲ፣ ተዋናይ ትጋብዛለች። እንግዳው ወንበር ላይ ተቀምጦ መልስ በመስጠት ፈንታ ሽርጥ ይታጠቃል፣ የሚወደውን ምግብ አብሯት ይሠራል፣ እየሠራም ያወራል።

ይህ ለጋዜጠኛ ትልቅ ትምህርት ነው። በቃለ መጠይቅ ወንበር ላይ የተቀመጠ ሰው ተዘጋጅቶ ይመጣል፤ የሚለውን አስቀድሞ አጥንቷል። ድንች የሚልጥ ሰው ግን ዓይኑ ድንቹ ላይ ስለሆነ አንደበቱ ይፈታል። እናቱን ያነሳል፣ ያደገበትን ሰፈር ያነሳል፣ የተቸገረበትን ዘመን ያነሳል። እናቶቼ፣ ይህን ከእናንተ በላይ የሚያውቅ የለም። ለድግስ ሽንኩርት ልትልጡ ክብ ሠርታችሁ ስትቀመጡ የሚወራው ወሬ ሳሎን ውስጥ ተወርቶ ያውቃል?

ወደ ራሳችን ሰዎች ልምጣ። በኢቢኤስ ቴሌቪዥን የምግብ ዝግጅት ያቀርብ የነበረውን ሼፍ ዮሐንስ ገብረየሱስን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። በፈረንሳይ አገር በሊዮን ከተማ፣ በታላቁ ሼፍ በፖል ቦኩዝ ስም ይጠራ በነበረው ተቋም ተማረ። ካሊፎርኒያ ውስጥ ሠራ። ከዚያ ወደ አዲስ አበባ ተመለሰ። የፈረንሳይ ሙያ ይዞ የመጣ ሰው የፈረንሳይ ምግብ እየሠራ ተደላድሎ መኖር ይችል ነበር። እሱ ግን ካሜራ ፊት ቆሞ የአገሩን ምግብ አሠራር አስረዳ። በአገሪቱ ያሉትን የምግብ አሠራሮች ሰብስቦ ከጸሐፊው ከጄፍ ኮለር ጋር መጽሐፍ አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 አሳተመ። መጽሐፉ በ2020 በአሜሪካ የጄምስ ቢርድ ሽልማትን በዓለም አቀፍ ምግብ ዘርፍ አሸነፈ። ይህ ሽልማት በምግብ መጻሕፍት ዓለም ከፍ ያለ ክብር የሚሰጠው ነው።

ወጣቶች፣ በተለይ ወንዶቹ፣ አንድ ነገር አስተውሉልኝ። ወንድ ልጅ ማጀት ከገባ የሚሳቅበት፣ ድስት ከከፈተ «ሴታ ሴት» የሚባልበት አገር ነው ያደግነው። አንድ ወንድ በየሳምንቱ በቴሌቪዥን ቀርቦ በሙሉ ክብር ሽንኩርት ሲከትፍ የታየበት ጊዜ ቀላል ጊዜ አይደለም። በዚያው ጣቢያ የጆርዳናን የኩሽና ዝግጅት ያየ ሰው ደግሞ ሴት አዘጋጅ ወጥ ቤቱን የራሷ መድረክ ስታደርገው ምን እንደሚመስል አይቷል። ድሮ ለበዓል ብቻ ትዝ ይል የነበረው ምግብ የራሱ ሰዓት፣ የራሱ ተመልካች አገኘ።

ከአገር ውጭ ደግሞ ማርከስ ሳሙኤልሰን አለ፤ የትውልድ ስሙ ካሣሁን ነው። በሕፃንነቱ እሱም እናቱም እህቱም በሳንባ ነቀርሳ ታመሙ። እናቱ ሞቱ፤ እሱና እህቱ ስዊድን በጉዲፈቻ አደጉ። ኒው ዮርክ ሄዶ ስመ ጥር ሼፍ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ2009 ፕሬዚዳንት ኦባማ ለሕንድ ጠቅላይ ሚኒስትር ያደረጉትን የመጀመሪያውን የክብር እራት ያዘጋጀው እሱ ነው። እኔን የሚያስደንቀኝ ግን በ2018 በአሜሪካ የሕዝብ ቴሌቪዥን የጀመረው ዝግጅት ነው። በየከተማው እየዞረ የስደተኛ ማኅበረሰቦችን ወጥ ቤት ይጎበኝ ነበር። ዋሽንግተን ሲደርስ የሐበሾቹን ገበታ አሳየ። ያን ጊዜ ማርከስ የሚሠራው ሥራ የሪፖርተር ሥራ ነው። በር ያንኳኳል፣ ይጠይቃል፣ ያዳምጣል፣ የባለሙያዋን ስም ይጠራል።

እንግዲህ ኤሌና ከመድረክ ተነስታ ወደ ምድጃ ሄደች፤ ዮሐንስና ማርከስ ከምድጃ ተነስተው ወደ ካሜራ መጡ። የተገናኙት መሐል መንገድ ላይ ነው።

ሦስተኛው ነጥቤ ላይ ደረስኩ። የመጣሁበት ዋናው ጉዳይ ይህ ነው፤ ድስቱን እንክፈተው።

በቴሌቪዥን ዶሮ ወጥ ሲሠራ አይታችኋል። አዘጋጁ ሽንኩርቱን ድስት ውስጥ ይጨምራል፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ያማስላል፣ ከዚያ «ቀደም ብለን ያዘጋጀነው አለ» ብሎ ከጠረጴዛው ሥር ሌላ ድስት ያወጣል። ለምን እንደሚያደርገው ይገባኛል፤ የአየር ሰዓት ውድ ነው፣ ማስታወቂያ ይጠብቃል። ግን የዶሮ ወጥ ሙያ ያለው በእነዚያ በሁለቱ ድስቶች መካከል በጠፋው ሰዓት ውስጥ ነው። ልክ ትልቁ ነገር የሚሆንበት ጊዜ ሲደርስ ካሜራው ዓይኑን ይጨፍናል።

በዚያ በጠፋው ሰዓት ምን ይሆናል? ቀይ ሽንኩርት ደቅቆ ይከተፋል፤ ብዙ ሽንኩርት፣ አዲስ ሠሪ ሲያየው «ይህ ሁሉ ለአንድ ዶሮ?» የሚልበት ዓይነት። ድስቱ ላይ ያለ ዘይት፣ ያለ ቅቤ ይጣዳል። መጀመሪያ ሽንኩርቱ የራሱን ውሃ ያወጣል፤ ድስቱ ይንጫጫል፣ እንፋሎቱ ዓይን ይቆጠቁጣል። ውሃው እየደረቀ ሲሄድ ድምፁ ይቀንሳል። እዚህ ላይ ማማሰያዋ ማረፍ የለባትም፤ ሊይዝ ሲል ጠብታ ውሃ ይደረግበታል፣ እንደገና ይማሰላል። የሽንኩርቱ ክትፋት ቅርጹን እያጣ ይላላል፣ በውስጡ ያለው ስኳር እየጠቆረ ይጣፍጣል፣ የጥሬው ሽታ ይሄዳል። ዶሮ ወጥ ውስጥ ዱቄት አንጨምርም፤ ያንን ውፍረት የሚሰጠው ይህ የሟሟ ሽንኩርት ነው። ያልበሰለ ሽንኩርት ያለበት ወጥ ምን ያህል ቅቤ ቢፈስበት መረቁና ሽንኩርቱ ተለያይተው ይቀራሉ።

ከዚያ በርበሬው ይገባል። እሱም ቢሆን ጥሬው እስኪሄድ ጠብ እየተደረገለት ይቁላላል፤ ችኩል እጅ ካገኘው ያርራል፣ ካረረ ደግሞ ይመርራል። ንጥር ቅቤው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ዝንጅብሉ ተራቸውን ጠብቀው ይገባሉ። ዶሮዋ በዐሥራ ሁለት ብልት ተበልታ፣ በሎሚና በጨው ደጋግማ ታጥባ የምትጠብቀው ይህ ቁሌት እስኪደርስ ነው። መከለሻው መጨረሻ ላይ፣ እንቁላሉም መጨረሻ ላይ።

አሁን ልጠይቃችሁ። ቁሌቱ «ደረሰ» የሚባለው መቼ ነው? እናቶቼ፣ ታውቁታላችሁ። አንዳንዶቻችሁ በጠረኑ፣ አንዳንዶቻችሁ በቀለሙ፣ አንዳንዶቻችሁ ቅባቱ ወደ ላይ ሲወጣ፣ አንዳንዶቻችሁ ደግሞ ማማሰያው ድስቱ ላይ በሚተወው መንገድ። ይህን ዕውቀት ከአያታችሁ ጎን ቆማችሁ ወስዳችሁታል። ልጃችሁ ግን ከጎናችሁ አልቆመችም፤ ትምህርት ቤት ናት፣ ሥራ ናት፣ ታክሲ ሰልፍ ላይ ናት። ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ ላይ ሆና ስልኳን ከፍታ ቪዲዮ ታያለች። ቪዲዮው ደግሞ ከጠረጴዛ ሥር ሌላ ድስት ያወጣል።

ለዚህ ነው ወጥ ቤት ጋዜጠኛ ይፈልጋል የምለው። ጋዜጠኛ ቢሆን ኖሮ እዚያ ላይ «ቆይ፣ እትዬ፣ አሁን ምን አይተው ነው በርበሬውን የጨመሩት?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። ካሜራውን አንገቱን አስደፍቶ ወደ ድስቱ ያወርደው ነበር። ማይክራፎኑን ለአዘጋጁ ብቻ መያዙን ትቶ ለድስቱ ያስጠጋው ነበር፤ የሽንኩርት ድምፅ ሲለወጥ ይሰማላ! ሰዓቱን መቁረጥ ግድ ቢሆንበት እንኳ የትኛው ደቂቃ እንደማይቆረጥ ያውቅ ነበር።

ሌላው ችግር የልኬት ነው። እናቶቻችን በእፍኝ፣ በቁንጥር፣ በጭልፋ፣ «እንደ ዓይንሽ አድርጊው» እያሉ ነው የሚያስተምሩት። ይህ ጉድለት አይደለም፤ እጃቸው ሚዛን ስለሆነ ነው። ግን እፍኙ አብሮ ይቀበራል። ስለዚህ ለወጣቶቹ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። እናታችሁን «ስንት ግራም?» ብላችሁ አታስቸግሯት። ግራም ካላችኋት እጇ ይተሳሰራል፣ እንደ ልማዷ መሥራት ትተዋለች። የበርበሬውን ዕቃ ከመጀመሯ በፊት መዝኑት። ጨርሳ ስትነሳ እንደገና መዝኑት። የጎደለው እሷ የጨመረችው ነው። ቅቤውንም እንዲሁ፣ ጨውንም እንዲሁ፣ ኮረሪማውንም እንዲሁ። እሷ እንደ ወትሮዋ ትሠራለች፣ እናንተ ልኩን ታገኛላችሁ።

ምንጭ መጥራትም አለ። በዜና ውስጥ ምንጭ ሳይጠሩ መናገር ነውር ነው፤ በምግብ ግን ሁላችንም እናደርገዋለን። «የሐበሻ በርበሬ» ብለን እናልፋለን። የማረቆ በርበሬና የሀላባ በርበሬ አንድ ናቸው? ገበያ የምትወርድ ሴት ጠይቋት፤ በማሽተት ብቻ ትለይላችኋለች። ስለ ጤፍም እንዲሁ ነው። ነጋዴው ማኛ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ ይላችኋል። ከዚህ በቢሾፍቱ መንገድ ብትወርዱ የደብረ ዘይት የእርሻ ምርምር ማዕከልን ታገኛላችሁ። ቁንጮ የተባለው የጤፍ ዝርያ እ.ኤ.አ. በ2006 የወጣው ከዚያ ነው፤ በብዙ አካባቢ ገበሬው እጅ ገብቷል። ለምርቱ መብዛትና ለንጣቱ ተመረጠ። በየቤታችሁ ከበላችሁት እንጀራ አንዱ የቁንጮ ልጅ ሊሆን ይችላል። ስለ እንጀራ በቀረቡት ዝግጅቶች ይህን ስም ስንት ጊዜ ሰማችሁት? ስለ ምጣዱ፣ ስለ አብሲቱ፣ ስለ ዓይኑ ይነገራል፣ ደግ ነው፤ ጤፉን ያወጡትን ተመራማሪዎችና የዘሩትን ገበሬዎች ግን የሚያነሳ ጠፋ።

አራተኛውና የመጨረሻው ነጥቤ እዚሁ ሰፈራችን ነው።

አቃቂ ቃሊቲ ለምግብ ዘጋቢ የሚሆን ትልቅ ማሳ ነው። ከጣሊያን ወረራ ዘመን ጀምሮ ታሪክ ያለው የቃሊቲ ምግብ ፋብሪካ እዚህ ነው፤ ፓስታው፣ መኮሮኒው፣ ብስኩቱ። ፓስታ ከባዕድ መጥቶ እንዴት የእኛ ሆነ? በበርበሬ ስጎ የምንበላው፣ በጾም በአትክልት የምንበላው፣ ሲያሻን በእንጀራ የምንጠቀልለው ፓስታ የማን ፈጠራ ነው? ዛሬ እዚህ አዳራሽ ውስጥ በዚያ ፋብሪካ የሠሩ አባቶችና እናቶች ይኖራሉ። የፋብሪካ ሠራተኛ ምሳ በምን ይቋጠር ነበር? ምሳ ዕቃው ውስጥ ምን ነበር? በዚህ ክፍለ ከተማ ከጨርቃ ጨርቁ እስከ ብረታ ብረቱ ስንት ትውልድ የሠራተኛ ምሳ በልቷል። ይህን ማንም ካልጠየቀ ታሪኩ ከሰዎቹ ጋር ይሄዳል።

ከሁሉ በላይ ግን ወንዙ አለ። ትንሹ አቃቂ በምዕራብ፣ ትልቁ አቃቂ በምሥራቅ ከተማዋን አቋርጠው ይወርዱና አባ ሳሙኤል ላይ ይገናኛሉ። አዲስ አበባ የደፋችውን ሁሉ ይዘው ነው የሚወርዱት፤ የፋብሪካ ፍሳሽ፣ የጋራዥ ዘይት፣ የቤት ቆሻሻ። በዳርና ዳሩ ደግሞ ጎመን፣ ቆስጣ፣ ሰላጣ፣ ድንች፣ ካሮት ይመረታል። ብዙ ቤተሰብ በዚህ ይኖራል፤ ከተማዋም ከዚህ ትበላለች።

ተመራማሪዎች በእነዚህ ወንዞች በሚጠጡ አትክልቶችና አፈር ላይ ለዓመታት ጥናት አድርገዋል። እንደ እርሳስ፣ ካድሚየምና ክሮሚየም ያሉ ከባድ ብረቶችን አግኝተዋል፤ እንደ ቆስጣና ሰላጣ ያሉት ቅጠላ ቅጠሎች ከሌሎቹ ይልቅ ይህን የመሳብ ጠባይ እንዳላቸውም ጽፈዋል። እናቶቼ፣ ሰላጣ በሎሚና በኮምጣጤ ዘፍዝፋችሁ ታጥባላችሁ፤ ለጀርሙ ደግ አድርጋችኋል። በሥሩ ስቦ ቅጠሉ ውስጥ ያስገባውን ብረት ግን ማጠብ አያወጣውም። ስለዚህ ጥያቄው ከድስቱ በፊት ይጀምራል፤ ጎመኑ የጠጣው ውሃ ምን ነበር?

በዚህ ነገር አርሶ አደሩን መክሰስ ይቀልላል። እሱ ፋብሪካ የለውም፤ ወደ ወንዙ ፍሳሽ የለቀቀው እሱ አይደለም። ውሃው ከላይ ተበክሎ ነው የደረሰው። ገበያ ላይ የምትቸረችረዋም ሴት ጎመኑ የትኛውን ውሃ እንደጠጣ ለይታ የምትገዛበት መንገድ የላትም። ይህን ክር ከሱቁ እስከ ማሳው፣ ከማሳው እስከ ቱቦው፣ ከቱቦው እስከ ፋብሪካው ደጃፍ ተከትሎ የሚሄድ ዘጋቢ ነው የሚያስፈልገን። «ጎመን በሥጋ እንዴት ይሠራል?» የሚለው ዝግጅት እና «ጎመናችን ከየት ይመጣል?» የሚለው ዘገባ በአንድ ሰው እጅ ሊገኙ ይገባል። ምግብ የሚወድ ሰው ስለ ምግብ ሲዘግብ አይሰለችም፤ ያገባዋል፣ ስለዚህም ይቆጫል።

ምግብ ዝግጅት የምትማሩ ልጆች፣ ይህ ለእናንተም ነው። ሼፍ ስትሆኑ ዕቃ አቅራቢያችሁን «ከየት አመጣኸው?» ብላችሁ ጠይቁ። ጋዜጠኝነት የምትማሩት ደግሞ ካሜራ ከመያዛችሁ በፊት አንድ ቀን ሙሉ አንድ ወጥ ከሽንኩርቱ እስከ መከለሻው በራሳችሁ እጅ ሥሩ። ያላቁላላ ሰው ምን እንደሚጠይቅ አያውቅም።

ወደ ቤት ስትሄዱ የምታደርጉትንም ልንገራችሁ። በሚቀጥለው በዓል ዋዜማ፣ ስልካችሁን ሙሉ ቻርጅ አድርጉና ወጥ ቤት ግቡ። ቁሌቱን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳትቆርጡ ቅረጹ፤ ሁለት ሰዓትም ይፍጅ ሦስት ሰዓት። የእናታችሁን ፊት ብቻ እንዳትቀርጹ፤ እጇን፣ ድስቱን፣ እሳቱን። የበርበሬውን ዕቃ መዝኑ። ስታማስል ጠይቋት። ከማን ተማረችው? የት አገር? ያን ጊዜ በርበሬው የየት ነበር? ስሟን፣ የተወለደችበትን፣ ቀኑን በድምፃችሁ ተናገሩና አስገቡበት። ስታስተላልፉት ደግሞ እሷን አስፈቅዱ፤ እሷ «ይሄን አታውጣው» ካለች አይወጣም።

 አሁን ማይክራፎኑ ወደ እናንተ ይሄዳል። በቃሊቲ ምግብ ፋብሪካ ውስጥ የሠራችሁ፣ በአቃቂ ወንዝ ዳር አትክልት የምታመርቱ፣ ለድግስ የምትሠሩ ባለሙያዎች እዚህ ካላችሁ ከተማሪዎቹ በፊት እናንተ ተናገሩ፤ ተማሪዎቹ ወረቀትና ብዕር ይዘዋል።